ፕላኑን ስቀሉልኝ

ገዢ ሁሉ የሚሻው የሕንፃውን ፊት ነው። ዓምዱና የመስኮቱ ጌጥ ከሩቅ ዓይን ይስባሉ። የፓሪስ አሮጌ ኅትመት ነጋዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ የመኳንንቱን ቤቶች ፊት ከላይ ይደረድራሉ። የወለሉ ፕላን ከክምሩ ሥር ይቀራል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል። እኔ ስገባ እጄ ቀጥታ ወደ ክምሩ ነው።

ምክንያቴን በማቲኞን ላስረዳ። ዛሬ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚቀመጥበት ይህ ቤት መሠራት የጀመረው በ1722 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ አርክቴክቱም ዣን ኩርቶን ነበር። በግቢው በኩል ያለውን ፊት ስታዩ በሩ መሃል ላይ ነው፤ ግራና ቀኙም እኩል ነው። በአትክልቱ በኩል ያለውም እንዲሁ። ሁለቱም አይዋሹም፤ ነገር ግን የሁለቱ መሃል አንድ መስመር ላይ አይውልም። ከግቢው ጎን ለፈረስና ለአገልጋይ የሚሆን ትንሽ ግቢ ስለተቆረሰ ዋናው ግቢ ጠቧል፤ በአትክልቱ በኩል ግን ቤቱ እንደ ልቡ ተዘርግቷል። ኩርቶን ልዩነቱን የዋጠው በክፍሎቹ አደራደር ነው። እንግዳው ወደ ጎን መወሰዱን ሳያውቀው ራሱን ከአትክልቱ መሃል ፊት ለፊት ያገኘዋል። ይህን ብልሃት የሚናገረው ፕላኑ ነው።

ማንበቡ ከባድ አይደለም። በጥቅጥቅ ጭረት የጠቆረው ግድግዳ ነው፤ የተቋረጠበት በር ወይም መስኮት ነው። ከትልልቁ ክፍሎች ጀርባ የተሸጎጡትን ጠባብ ደረጃዎች ፈልጉ፤ አገልጋዩ ከጌታው ጋር ሳይገናኝ የሚወጣ የሚወርደው በእነሱ ነበር። ከታች ያለው መለኪያ በቷዝ ነው፤ አንዱ ቷዝ 6 የንጉሥ ጫማ፣ ማለትም 1.95 ሜትር ገደማ ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጌ ክፍል በክፍል እለካለሁ። ለእኔ ደስታው እዚህ ላይ ነው።

ሥዕሎቹ የታተሙባቸው የመዳብ ሰሌዳዎች ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዣን ማሪየት የፈረንሳይን ሕንፃዎች ስብስብ በ1727 አሳተመ። ዣክ ፍራንሷ ብሎንዴል ደግሞ ከ1752 እስከ 1756 አራት ትልልቅ ቅጾች አወጣ፤ አሳታሚው ዦምበር የማሪየትን የመዳብ ሰሌዳዎች ስለገዛ ብዙዎቹ ሥዕሎች ከዚያው መዳብ የወጡ ናቸው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ማተሚያው በተጫነው ቁጥር ጭረቱ ይሳሳል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ቢቀርብልኝ በማጉያ መነጽር የማየው ጌጡን አይደለም፤ የግድግዳውን ጥቁር ነው። ቀድሞ የታተመው ጠቆር ያለና ጥርት ያለ ነው፤ የኋለኛው ግራጫ ይሆናል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የብሎንዴል መጽሐፍ በፎቶግራፍ ዘዴ እንደገና ስለታተመ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል። የ18ኛው መቶ ዓመት ወረቀት ከጨርቅ ቡትቶ የተሠራ ስለሆነ የወንፊቱ ሽቦ መስመር ይታይበታል፤ ሰሌዳው የተጫነበት ጠርዝም በጣት ይዳሰሳል። ያልተበተነ መጽሐፍ ገነጣጥሎ ለሚሸጥ ሰው ግን ገንዘቤን አልሰጥም።

ወደ ፍሬሙ ስንመጣ አንድ ነገር ላይ ግትር ነኝ፤ ኅዳጉ አይቆረጥም። ሥዕሉን የሚከበው ካርቶን፣ የፓስፓርቱው፣ መስኮት ከሰሌዳው ጠርዝ ሰፋ ማለት አለበት፤ ያ ስርጉድ ምልክት ይታይ። ካርቶኑ አሲድ ካለበት ወረቀቱ ዙሪያውን ቡናማ ይሆናል። ፕላስተር ፈጽሞ አይነካውም፤ በስንዴ ስታርች ሙጫ የተለጠፈ ቀጭን የጃፓን ወረቀት ይበቃል፤ ነገ ሲፈለግ በውኃ ይለቃል። በመጽሐፉ መሃል የታጠፈው እጥፋት ይቅር፤ በግድ አይተኮስ። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ ባይበልጥ፣ ፀሐይም በቀጥታ ባያገኘው ይመረጣል። ቀለም የተቀባውን አልወድም፤ ብዙ ጊዜ ቀለሙ በኋላ ለገበያ የተጨመረ ነው።

አሰቃቀሉ የሙያው ጣፋጭ ክፍል ነው። በየሆቴሉ መግቢያ የሚታየው፣ ዘጠኝ ተመሳሳይ ፊት በዘጠኝ ተመሳሳይ ፍሬም የሚደረደርበት ነገር ይሰለቸኛል። ማቲኞንን የምሰቅለው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የአትክልቱ ፊት ከላይ፣ ፕላኑ መሃል በዓይን ትክክል፣ የግቢው ፊት ከታች። ሥዕሎቹ የተሣሉበት ልኬት ስለሚለያይ ዳርቻቸውን አላስተካክልም። ቱምቢዬን አንሥቼ የእያንዳንዱን ፊት መሃል ፕላኑ ላይ ካለው የራሱ በር ጋር አገጥማለሁ። ያኔ የላይኛውና የታችኛው ፍሬም ሳይተካከሉ ይቀራሉ።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው። «ወንድሜ፣ ይቺ የላይኛዋ ተዛንፋለች፣ ትንሽ ሳብ አድርጋት» ይለኛል። «እኔ አይደለሁም፣ ኩርቶን ነው» እልና መሃለኛው ላይ በጣቴ ከበር ወደ በር እወስደዋለሁ።