ስለ ማንቶን የሎሚ በዓል የቀረበ ትችት

ማንቶን በደቡብ ፈረንሳይ፤ በኢጣልያ ወሰን አጠገብ በባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እስከ 1848 ዓ.ም. ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሞናኮ መሳፍንት ሥር ስትኖር ስመ ጥር ያደረጋት በተራራው እርከን ላይ የሚበቅለው ሎሚ ነበር። ዛሬም በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ለሁለት ሳምንት ያህል የሎሚ በዓል ይደረግባታል፤ ለማየትም ብዙ እንግዳ ይጐርፋል። ይህን በዓል አይተው የሚመለሱ ሰዎች ከጥንት ገበሬ የተወረሰ የመከር ሥርዓት አድርገው ቢናገሩለት አያስደንቅም፤ ከተማውም የሚያሳያቸው እንዲሁ ነውና።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት በሆቴሉ የአትክልት ስፍራ የአበባና የሎሚ ትርኢት አቀረበ፤ ከብርድ ሸሽተው ወደ ባሕሩ ዳር የሚመጡት ባለጸጎችም ወደዱለት። ከዚያ ወዲያ ትርኢቱ ወደ ጎዳና ወጥቶ በ1934 ዓ.ም. የሎሚ በዓል ተባለ። እንግዲህ ዕድሜው መቶ ዓመት አልሞላም፤ የተወለደውም ከእርሻው ሳይሆን ከእንግዳ መቀበያው ነው።

በቢዮቬስ የአትክልት ስፍራ የሚቆመውን ሥራ በቅርብ የተመለከተ ሰው ግን በቀላሉ ሊንቀው አይችልም። መጀመሪያ የብረት አጥንት ይተከላል፤ በላዩም የሽቦ መረብ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሎሚና እያንዳንዱ ብርቱካን በላስቲክ አንድ በአንድ ይታሰርበታል። ለዚህ የሚፈጀው ፍሬ ወደ 140 ቶን ይደርሳል። ሥዕሉ ሁሉ ከብጫና ከብርቱካን ቀለም ብቻ ስለሚሠራ፤ ጥላውንና ብርሃኑን የሚለየው የአሳሪው እጅ ነው። ተመራማሪው በአጥሩ ውጭ ቆሞ ከሚያጨበጭብ ይልቅ ያንን አሳሪ ቢጠይቅ ይሻለው ነበር፤ በዓሉ እውነተኛ ልማድ አለው ቢባል፤ ያለው በዚህ ሥራ ውስጥ ነውና።

ጒድለቱ ሌላ ነው። በሽቦው ላይ የሚታሰረው ፍሬ አብዛኛው ከስፔን የሚመጣ ነው። ማንቶን በ1929 ዓ.ም. ገና በአውሮፓ ምድር በሎሚ ምርት ቀዳሚ ነበረች ይባላል፤ ነገር ግን በ1956 ዓ.ም. የወረደው ብርቱ ውርጭ ዛፎቹን ጐዳ፤ የዛፍ በሽታም ታከለበት፤ የባሕሩ ዳር መሬትም ለቤት መሥሪያ ሲወደድ እርከኑ እየጠበበ ሄደ። የቀረው ሎሚ ጥቂትና ውድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፤ በማንቶንና በአጐራባች መንደሮች ያልበቀለ ሎሚ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። ሕግ የሚጠብቀው ፍሬ በገበያ፤ የበዓሉ ፍሬ በሽቦ ላይ ሆኖ ሁለቱ ተለያይተዋል።

በከተማው የሚነገር አንድ ተረት አለ። ሔዋን ከገነት ስትባረር አንዲት ሎሚ ይዛ ወጣች፤ አዳምም የአምላክን ቊጣ ፈርቶ ጣያት አላት። እርሷ ግን አገር ለአገር ስትዞር ቆይታ፤ የጋራቫን ባሕረ ሰላጤ ገነትን ቢመስላት ፍሬዋን በዚያ ቀበረች። ተረቱ የሚመሰክረው ለአፈሩ ነው፤ ይህ ፍሬ የዚህ ምድር ነው ይላል። ትርኢቱ ግን አፈሩን ረስቶአል። በየዓመቱ አንድ ርእስ ይመረጥለታል፤ በ2018 ዓ.ም. ለምሳሌ የሕንድ ሲኒማ ነበር። ርእሱ መራቁ በራሱ ነውር አይደለም፤ በዓል መጫወት ይወዳል። ነገር ግን እንግዳው ያን ሁሉ ሎሚ አይቶ ሲመለስ አንድ የሎሚ ዛፍ እንኳ በእርከኑ ላይ ሳያይ የሚሄድ ከሆነ፤ የከተማው ሰው ስለ ራሱ የነገረው ምንድን ነው? እርከኖቹን የሚያስጐበኙ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ጒብኝቱ ከዋናው ትርኢት ዳር የቀረ ነገር ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሰሜን ኢጣልያ በኢቭሬያ ይታያል። በዚያ በብርቱካን የሚዋጉት ሰዎች የሚያስታውሱት በመካከለኛው ዘመን በጨካኝ ገዢ ላይ ስለ ተነሣ ሕዝብ ነው፤ ብርቱካኑ ግን ከደቡብ የሚጫን ነው። ልዩነቱ ኢቭሬያ ብርቱካን አበቅላለሁ አለማለቷ ነው።

በማንቶን በዓሉ ሲፈጸም ሽቦው ይፈታል፤ ያልተበላሸውም ፍሬ በርካሽ ይሸጣል። የሰፈሩ ሰው ዘንቢሉን ይዞ የሚመጣው በዚያን ቀን ነው፤ ማርመላታም ይሠራበታል። ስለ በዓሉ የሚጽፈው እንግዳ ብዙውን ጊዜ ይህን ሳያይ ተሳፍሮአል።