መልስ ያለ ጥያቄ፤ ስለ መጽሐፈ ፈላስፋ

ጽድቅን ማወቅና ጽድቅን ማድረግ ሁለት ነገር መሆናቸውን የተረዳሁት በደሴ፥ ሰኞ ገበያ ነው። አንድ ሰኞ ጤፍ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፥ ሻጪቱ የሰጠችኝን መልስ ብቆጥረው ሃምሳ ብር ትርፍ ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ሳምንት መጽሐፈ ፈላስፋን እያነበብኩ ስለ ነበር፥ ስለ ቅንነት የተነገረውን ብዙ ቃል አጥንቼ ይዤ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ቃል እግሬን ወደ ኋላ አልመለሰውም። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ እርሷም አታስታውሰውም» ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ይህን መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተረጐሙት አባ ሚካኤል ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ክሎድ ሰምነርም በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝኛ አሳትመውታል። የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን ስም ለአገራችን ሊቃውንት ያደረሰ መጽሐፍ ስለ ሆነ፥ ውለታው ትልቅ ነው። ምክሩም አጭርና ለማጥናት የሚመች ነው።

ጉድለቱ ግን ከዚሁ ከአጭርነቱ ይመጣል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሶቅራጥስ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂ እንጂ ጠያቂ አይደለም። የግሪኩ ሶቅራጥስ ግን በአቴና ገበያ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ነበር። አፍላጦን በጻፈው «ፖሊቴያ» መጀመሪያ ላይ፥ ጽድቅ ማለት እውነት መናገርና ዕዳን መመለስ ነው የሚል አሳብ ከሽማግሌው ከቄፋሎስ ንግግር ይወጣል። ሶቅራጥስም መሣሪያውን አደራ የሰጠ ወዳጅ አብዶ ቢመጣ ይመለስለታልን? ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ ሰሚው ዕዳ መመለስ ለምን መልካም እንደ ሆነ ራሱ ይመረምር ዘንድ ይገደዳል።

እኔም ራሴን ጠየቅሁ፤ ገንዘቡ በእኔ እጅ በመቅረቱ የሚጐዳው ማን ነው? ከዚህ በኋላ ምክንያት አጣሁና በሚቀጥለው ሰኞ መለስኩላት። ሴትዮዋም ተቀብላ፥ «እህሉ የሰው ነው፤ ያን ዕለት ሒሳቡን ያሟላሁት ከልጆቼ ራት ቀንሼ ነው» አለችኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! መጽሐፈ ፈላስፋን አንብብ፥ አጥናውም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ምክር አጠገብ የራስህን ጥያቄ ጻፍ፤ እኔ ሳልጠይቅ የቆየሁባትን ሳምንት የከፈለችው ሌላ ሰው ናትና።