ስድስት የሽቦ ጫፎች

የወፍጮውን ሞተር ታርጋ ከዱቄት ጠርጌ አነበብኩ፤ 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ዴልታ፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1460 ዙር። ባለ አራት ፖል ነው። ስለዚህ በጥምጥሙ ውስጥ የሚዞረው መግነጢሳዊ መስክ 1500 ዙር ይሄዳል፤ የሚሽከረከረው እንብርት፣ ሮተሩ፣ በ40 ዙር ይቀደማል። የሚሠራውም በዚያች 40 ነው። ሮተሩን የሚነካው ሽቦም ካርቦንም የለም። በአሉሚኒየም ዘንጎቹ ኮረንቲ የሚፈጠረው መስኩ እየቀደመ ስለሚያልፋቸው ነው። እኩል ቢሮጡ ጉልበቱ ይጠፋል።

ሲነሳ ግን ሮተሩ ቆሟል። መስኩ በሙሉ ፍጥነቱ ያልፈዋል፤ ሞተሩም ከልማዱ ስድስት ሰባት እጥፍ አምፒር ይስባል።

የዚህ መላ ከሞተሩ ሳጥን ክዳን ሥር ይጀምራል። ሦስት ጥምጥሞች፣ ስድስት ጫፎች፣ ሁለት ረድፍ። አንዱ ረድፍ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብልዩ1 ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ግን ደብልዩ2፣ ዩ2፣ ቪ2 ይላል፤ አንድ ቤት ተንሸራቷል። ሦስት የናስ ማገናኛዎች በሁለቱ ረድፎች መካከል ቀጥ ብለው ሲገቡ ዴልታ ይሆናል። በሁለተኛው ረድፍ ላይ አግድም ሲተኙ ስታር። አንድም ሽቦ በሌላው ላይ አይሻገርም። እዚህች መንሸራተት ላይ ሁሌም እቆያለሁ።

በዚህ ወፍጮ ናሶቹ ወልቀዋል። ስድስቱም ጫፎች በኬብል ወደ ግድግዳው ቦርድ ይሄዳሉ፤ የናሶቹን ሥራ ኮንታክተሮች፣ በኮረንቲ የሚሳቡ ማብሪያዎች፣ ይሠራሉ። ሞተሩ በስታር ተነስቶ ወደ ዴልታ ይሻገራል። በስታር እያንዳንዱ ጥምጥም የሚያገኘው 220 ቮልት ገደማ ነው። ከመስመሩ የሚሳበው አምፒር ሲሦ ይሆናል፤ የማዞር ጉልበቱም ሲሦ። ወፍጮው ባዶውን የሚነሳው ለዚህ ነው።

የስታሩና የዴልታው ኮንታክተሮች አብረው ቢይዙ ሦስቱ ፌዞች ይጋጠማሉ። ስለዚህ የአንዱ ቦቢና መስመር በሌላው ረዳት ነጥብ በኩል ያልፋል፤ አንዱ ሲይዝ የሌላውን መንገድ ይቆርጣል። በመካከላቸው ደግሞ አንዱ ሲገባ ሌላውን በአካል የሚያግድ የፕላስቲክ ምላስ አለ። አምፒር ሲበዛ ሞተሩን የሚያቆመው ኦቨርሎድ ከዋናው ኮንታክተር ሥር ነው። ሞተሩ 30 አምፒር ይስባል፤ ኦቨርሎዱ 17 ላይ ተስተካክሏል። በዴልታ በየጥምጥሙ የሚያልፈው የመስመሩ 58 በመቶ ነውና ልኩ እሱ ነው።

ባለ ወፍጮው ቁልፉን ይጫናል። ድምፁ እየቀጠነ ወጥቶ ይረጋል። ታይመሩ ስታሩን ያስለቅቃል፤ ለ50 ሚሊሰከንድ ገደማ ምንም አልተያያዘም፤ ከዚያ ዴልታው ይይዛል። ቺንጋው አንዴ ላላ ብሎ ይወጠራል። ባለ ወፍጮው ጤፉን ያፈሳል።