ይሞታል

በቅንፍ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት፦ (ይሞታል)። ተውኔት ስናነብ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን የመድረክ መመሪያ ዘለን ወደ ቀጣዩ ንግግር እንሮጣለን። እኔ ግን ቆም በሉባት እላለሁ፤ የአማርኛ ትራጀዲ ትልቁ ጉልበት እዚያች ቅንፍ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በእንግሊዝኛ መመሪያው አሁን የሚሆነውን ነግሮ ያበቃል። የኛ ግስ ግን አሁንንና ነገን አይለይም። «ይሞታል» ሐኪም ሲለው ግምት ነው፣ ባለ ራእይ ሲለው ትንቢት፣ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ተዋናዩ በቃ ይወድቃል። (ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮሜንት ይነበባል እንጂ ማሽኑ አይሠራውም። ይኼኛው ግን አይነገርም፣ ይሠራል።)

ከያቤሎ ብሔራዊ ቴአትር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚህ ተውኔት የምናገኘው በመጽሐፍ ወይ በስልክ ነው፤ መብራቱም ጩኸቱም ሬሳውም ያለው ቅንፉ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» እንውሰድ። በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው የሼክስፒር ጥራዝ የዴስዴሞና መታፈን የተጻፈው በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ለአማርኛ አንድ ይበቃዋል፦ ያፍናታል። ገዳዩም፣ ሟቿም፣ እጁም አንድ ቃል ውስጥ ናቸው። ልጅቷ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ እያለች ስትለምን ቆይታለች፤ ለዚያ ሁሉ ልመና መልሱ ይኸው ነው።

በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ደግሞ ተመልካቹ ቅንፉን ይዞት ነው የሚገባው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያኖች መረሸናቸውን የማያውቅ የለም። «ያቺን» የምትለዋ ቃል ራሷ ጣት ትቀስራለች።

ችግራችን ቅንፍን አለማመናችን ነው። ብዙ ጊዜ ሟቹ እየሞተ መሆኑን በግጥም ያብራራልናል፣ አገሩን ይመክራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚወድቀው። ሞት ያን ያህል ሲብራራ ስብከት ይመስላል።

እዚህ ሰፈር ቢነበብ የምመኘው ግን ጸጋዬ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን ነው። አርእስቱ ውስጥ «ኦክ» ቢገባም ኦዳ ሾላ ነው፤ ለኦሮሞ ደግሞ ሸንጎ የሚቀመጡበት፣ የሚታረቁበት ጥላ ነው። በተውኔቱ ከዚያ ዛፍ የሚወጣው ቃል የሻንካ የበኩር ልጅ መሥዋዕት እንዲሆን ያዝዛል። ሻንካ ልጁ እንዳይወለድ ብሎ ሚስቱን ኡኩቴን አይነካትም። ይሟገታል፣ እምቢ ይላል። ትንቢት ተናጋሪውን መሟገት ይቻላላ፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ነው። ቅንፉ ግን ጆሮ የለውም።

ተውኔቱ ወደ አማርኛ ቢመለስ የትንቢቱና የመመሪያው ግስ አንድ ይሆናሉ፤ እንግሊዝኛው ይህን አልሰጠውም። ወደ ኦሮምኛ ቢመለስም ያው ነው፤ «ኒ ዱአ» ሲባል አሁንም፣ ገናም ነው። ያኔ አንባቢው ያንኑ ቃል ሁለቴ ያገኘዋል፦ አንዴ በትንቢት ተናጋሪው አፍ፣ ሌላ ጊዜ ማንም ሳይናገረው።