ከማስረጃነት ባሻገር፦ ለደስታ ስለሚነበቡ ጥቂት ኢልቦለድ መጻሕፍት

መግቢያ

የአማርኛን ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ከታተመው ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ከዚያ ተነሥተን ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም)፣ ከዚያም ወደ ተከታዮቹ ልቦለዶች እንዘልቃለን። በዚህ ጉዞ የግለ ታሪክ፣ የትዝታና የጉዞ ማስታወሻ መጻሕፍት ጨርሰው አይረሱም፤ ዳሩ ግን የሚጠሩት ለምስክርነት ነው። ተማሪው ስለ አንድ ዘመን ማስረጃ ሲያስፈልገው መጽሐፉን ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ የሚፈልገውን አንቀጽ ይቀዳል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከዳር እስከ ዳር ያነበበው እንደሆነ ስንጠይቀው ብዙ ጊዜ መልሱ «አላነበብኩም» ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው እነዚህ መጻሕፍት አስቀድሞ ለደስታ ሊነበቡ እንደሚገባ፣ ለደስታ ያላነበባቸውም ሰው በማስረጃነት እንኳ በሚገባ ሊጠቀምባቸው እንደማይችል ነው። ለዚህም አራት መጻሕፍትን ለአንባብያን እጠቁማለሁ።

ስለ ስያሜውና ስለ መለኪያው

«ኢልቦለድ» የሚለው ስያሜ በአሉታ የተመሠረተ ነው፤ ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይነግረንም። ከስያሜው የሚነሣ አንባቢ ልቦለድ ቀዳሚ፣ ሌላው ተከታይ ይመስለዋል። የጽሑፋችን ታሪክ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። «ልብ ወለድ ታሪክ» ከመታተሙ አራት ዐሥርት ዓመታት ያህል አስቀድሞ፣ በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ዜና መዋዕል በግእዝ ፈንታ በአማርኛ መጻፍ ጀምሯል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆኑት ደብተራ ዘነብ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የተሰኘ ሥራም ትተውልናል። ርእሱን ልብ ይሏል። ቁም ነገሩን ከጨዋታው የሚለይ አንባቢ ዘነብ ዘንድ የለም።

እኔም ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከ«ጨዋታ» የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ጨዋታ ስንል ቀልድና ፌዝ ብቻ አይደለም፤ አዋቂ ሰው የሚያውቀውን፣ ያየውንና የደረሰበትን በራሱ ድምፅና በራሱ አካሄድ ሲናገር አድማጩን ከመቀመጫው የሚያስቀረው ነገር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጨዋታ ዐዋቂ ይባላል። ጥሩ ኢልቦለድም በእኔ ግምት ጨዋታ ዐዋቂ ጸሐፊ ያለው ነው።

የአለቃ ለማ አንደበት

ለዚህ አባባል ከሁሉ የበለጠው ማሳያ በ1959 ዓ.ም የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። አለቃ ለማ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ልጃቸው ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ ትዝታቸውን በመቅረጸ ድምፅ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ መለሰው። በዚህ ሥራ ላይ ትልቁ የጥበብ ውሳኔ አባትየው የተናገሩትን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አለመለወጡ ነው። በመሆኑም አንባቢ የሚያገኘው የንግግርን አማርኛ ነው። ተናጋሪው ወሬውን ጀምረው ሌላ ሰው ትዝ ሲላቸው ወደዚያ ያዘነብላሉ፤ ተመልሰውም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ስለሚያናግሩትም «አለ»፣ «አሉ» የሚሉት ግሦች ትረካውን ተሸክመው ይጓዛሉ።

የቅኔ ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ በተለየ ዐይን ሊያዩት ይገባል። ቅኔን በክፍል ውስጥ የምናገኘው ከተቀኘበት አጋጣሚ ተነጥሎ፣ ሰሙና ወርቁ ተዘርዝሮ ነው። እዚህ ግን ቅኔው ማን፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደተቀኘው ከሚነግረው ወሬ ጋር ይመጣል። ወሬው ባይኖር ቅኔው ግማሽ ነው። «ያላቻ ጋብቻ»ንና «ጠልፎ በኪሴ»ን የጻፈው ሰው የተውኔት ምልልሱን ለዛ ከየት እንደቀዳው መመርመር ለሚሻ ተመራማሪም ይህ መጽሐፍ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

የተጓዡ ዐይን

ሁለተኛው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። ኅሩይ በ1924 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጉዘው ያዩትን በዚያው ዓመት አሳተሙ። አማርኛቸው የተረጋጋና ሥርዓት ያለው ነው። ከአለቃ ለማ ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር ኦፊሴላዊ ሊመስል ይችላል። ደስታው ያለው ግን እዚህ ላይ ነው፤ በቤተ መንግሥት ሥርዓት የተገራ ብዕር አዲስ አገር ሲያይ መደነቁን መደበቅ ያቅተዋል። ጸሐፊው ጃፓንን በሚገልጹበት ሁሉ ኢትዮጵያን እያሰቡ ነው። ጥንታዊ ዘውድ ያለው አገር ነጻነቱን ጠብቆ ሊሠለጥን መቻሉ ለእሳቸው የተስፋ ምስክር ነበር።

የዛሬ አንባቢ ግን ጸሐፊው ያላወቁትን ያውቃል። በ1928 ዓ.ም ኢጣልያ አገሪቱን ወረረች፤ ኅሩይም በስደት እንግሊዝ አገር ዐረፉ። በልቦለድ ምፀት የምንለውን እዚህ ደራሲው ሳይሆን ታሪክ ራሱ አስገብቶታል።

ሁለት የሕይወት ምስክሮች

የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» (1985 ዓ.ም) እና የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» (1998 ዓ.ም) ጎን ለጎን ቢነበቡ መልካም ነው። ሐዲስ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ የዘመቱ፣ ተማርከውም ኢጣልያ ውስጥ የታሰሩ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚወድ አንባቢ «ትዝታ»ን ሲያነብ የሚያውቀውን ትዕግሥተኛ ተራኪ መልሶ ያገኘዋል። ልዩነቱ በልቦለዱ የበዛብህን ዕጣ የሚወስነው ደራሲው ሲሆን፣ በትዝታው ግን ጸሐፊው የሆነውን እንደሆነ ለመቀበል መገደዱ ነው። ይህ ግዴታ ትረካውን አላደኸየውም፤ ይልቁንም ክብደት ሰጥቶታል።

ተክለ ሐዋርያት ደግሞ ቁጡና ፍርደ ፈጣን ናቸው። በልጅነታቸው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩስያ ሄደው የተማሩ፣ በ1923 ዓ.ም የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ስለ ዘመናቸው ሰዎች ያላቸውን አስተያየት አያለዝቡም። ለተውኔታቸው «ፋቡላ»፣ ለሕይወት ታሪካቸው «ኦቶባዮግራፊ» የሚል የባዕድ ቃል መምረጣቸውም የሰውየውን አስተዳደግ ይናገራል።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ጨዋታው የጣመ ጸሐፊ በቀላሉ ያሳምናል፤ ራሱን የሚክብ፣ ባላንጣውን የሚያጣጥል ግለ ታሪክ ደግሞ ለዛው በበዛ ቁጥር አሳሳችነቱ ይጨምራል። ታዲያ ለደስታ ማንበብ ለተመራማሪ ወጥመድ አይሆንም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ደስታውን መሸሽ አይደለም። የተክለ ሐዋርያት ድምፅ የት ላይ እንደሚረጋጋ፣ የት ላይ እንደሚከርር፣ ምን ሲደርስ እንደሚቸኩል የሚያውቀው መጽሐፉን ከነጠዓሙ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው ነው። አንድ አንቀጽ ቆርጦ የሚወስደው ተማሪ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የቀዳው ቃል የምስክር ይሁን የባላጋራ አይለየውም። ስለዚህ ወጥመዱ ያለው ከጣዕሙ ይልቅ በቁርጥራጩ ንባብ ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የጠቀስኳቸው አራት መጻሕፍት በዘመንም በአጻጻፍም የተራራቁ ናቸው። አንዱ ይወራል፤ አንዱ ይደነቃል፤ አንዱ ይታገሣል፤ አንዱ ይቆጣል። አራቱም ግን የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ምን ያህል ድምፆች እንዳሉት ያሳያሉ። የልቦለዶቻችንን ትልም፣ መቼትና ገጸ ባሕርያት ለመተንተን የሰላ መሣሪያ አዘጋጅተናል፤ የተራኪን ድምፅ ግን በልቦለድ ብቻ ወስነን የምናጠና ከሆነ ከቅርሳችን ግማሹን ለጥቅስ ብቻ እናስቀራለን። ለጀማሪ አንባቢ ምክሬ ከአለቃ ለማ እንዲነሣ ነው፤ እርሳስና ካርድ ሳይዝ፣ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ያድምጣቸው። ማስታወሻ መያዙ ለሁለተኛው ንባብ ይደርሳል።