ሞክሼ ሁሉ ዘመድ አይደለም

ነገሩ የሆነው በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ማብቂያ፣ በ1992 ዓ.ም. ነው። ፍኖተ ሰላም የምትኖር አክስቴ በሬዲዮ ስለ «ቡሬ ግንባር» ሲወራ ትሰማለች። ልጇ ዘምቷል፤ የት እንዳለ ግን አታውቅም። ቡሬ ደግሞ ለእሷ ደጇ ናት፤ ገበያ ውላ የምትመለስባት ከተማ። ወዲያው በሶዋን ቋጥራ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መናኸሪያ ወረደች።

«እማማ፣ ያኛው ቡሬ እኮ አፋር ነው፤ የአሰብ መንገድ ላይ!» አላት ረዳቱ።

አክስቴ በሶዋን እንደታቀፈች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ለካ አገርም ሞክሼ አለው» አለች። እውነቷን ነው፤ ኢሉ አባቦርም ውስጥ ሌላ ቡሬ አለ።

ሰሞኑን ይህን ያስታወሰኝ አንድ የቡና ቤት ወዳጃችን ነው። ፊጂ የሚባሉት ደሴቶች ሰዎች የሣር ክዳን ቤታቸውን «ቡሬ» እንደሚሉት ከኢንተርኔት አግኝቶ መጣ። «ጎጆ ቤት! ያውም የሣር! ከጎጃም ካልወሰዱት ከየት አመጡት?» ሲል ጠረጴዛው ሁሉ አጨበጨበ። አልዋሽም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ መዛግብተ ቃላት ሳገላብጥ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ።

ፊጂዎች ቃሉን በላቲን ፊደል እንደ «ቡሬ» ይጽፉታል እንጂ ሲናገሩት «ምቡሬ» ነው የሚሉት። የቋንቋቸው ዘመዶችም ማላይኛና የማዳጋስካሩ ማላጋሲ ናቸው። በስዋሂሊ «ቡሬ» በነጻ ማለት ነው፤ በከንቱ ማለትም ነው። በሰርብኛ በርሜል ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ አጻጻፉ ቡሬን የሚመስል (አነባበቡ የሚለይ) ቃል አላቸው፤ ሸካራ የሱፍ ጨርቅ ማለት ነው። በዚያ ጨርቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይሸፈን ነበርና፣ ስሙ ከጨርቁ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ክፍሉ ተሻግሮ እኛ ዛሬ «ቢሮ» የምንለው ሆነ። «ቢሮክራሲ» የሚለውን ቃል የፈጠረውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ቪንሰንት ደ ጉርኔ ነው ይባላል። እንግዲህ የቡሬ ገበሬ በማዳበሪያ ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት የሚውለው ከሞክሼው ጋር ነው! በስዋሂሊ ከቆጠርነው ደግሞ አንዳንዴ «ቡሬ» ሆኖ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ያምራል። ለማስረጃ ግን አይሆንም። የቃላት መመሳሰል በሦስት መንገድ ይመጣልና።

አንደኛው የሥጋ ዝምድና ነው። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የእኛ «ሰላም» በዐረብኛም «ሰላም» ነው፤ በዕብራይስጥ «ሻሎም»። ይህን ዝምድና የምናምነው ቃሉ ብቻውን ስለመሰለ አይደለም። የእኛ «ስም» በዕብራይስጥ «ሼም»፣ «ሰማይ» ደግሞ «ሻማዪም» ነው። የእኛ «ሰ» እዚያ «ሸ» እየሆነ በሥርዓት ይሄዳል። ዘመድ እንዲህ ነው፤ ምልክቱ በአንድ ልጅ ላይ ብቻ አይታይም።

ሁለተኛው ጉርብትና ነው። የጎጃም ገበሬ መልኩ ዝንጉርጉር የሆነውን በሬ «ቡሬ» ይለዋል፤ «ቡራቡሬ»ም ከዚያው ነው። ኦሮምኛም ዝንጉርጉሩን ከብት «ቡሬ» ይላል። ከቡሬ ከተማ አንዱ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። ከብት ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ቃልም ይለዋወጣል፤ ለዚያ ማንም ቀረጥ አይጠይቀውም።

ሦስተኛው አጋጣሚ ነው። የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት፣ የዓለም ቋንቋ ግን ብዙ ሺህ ነው። ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ያለው ቃል አለመገጣጠሙ ነው የሚገርመው። የፊጂው ጎጆና የሰርቡ በርሜል እዚህ ይመደባሉ።

ታዲያ ወዳጃችን ቢሳሳት ምን ቸገረህ ትሉኝ ይሆናል። ለፊጂው አልቸገረኝም፤ ፊጂ ሄዶ ርስት የሚጠይቅ የለም። የሚያስፈራኝ ያው ስሌት ወደ አገራችን ሲመለስ ነው። «የዚህ ከተማ ስም በእኛ ቋንቋ ትርጉም አለው፤ ስለዚህ መሬቱ የእኛ ነው» የሚል ክርክር ከየአቅጣጫው ሰምተናል። አንዱ ስሙን በአማርኛ ይፈታል፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በአገውኛ። ሁሉም ይሆንለታል! ለፈቺ የማይፈታ ስም የለምና። አንድ ቁልፍ ሁሉን በር ከከፈተ ግን ጌትየው የቤቱ ባለቤት ነው ማለት አይደለም። ደግሞ ስሙ በእርግጥ ከጎረቤት ቋንቋ ቢመጣስ? አብሮ ስለመኖራችን ይመሰክራል እንጂ አንዳችንን አያስወጣም።

የአክስቴ ልጅ በሰላም ተመለሰ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አላት። ማንም ሰው ፊቷ ስለ ቡሬ ማውራት ሲጀምር ከአፉ ትነጥቀውና «የትኛው ቡሬ?» ትላለች። ብዙ የተማርን ሰዎች ገና ያልለመድነው ጥያቄ ነው።