ከማተሚያ ቤት በፊት፦ የጀማሪ ልቦለድ ደራስያን ምክክርና የሂስ ቦታ

በአገራችን የልቦለድ ሂስ ሥራውን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው። ረቂቁ በጀማሪዎች መካከል ሲዘዋወር የሚሰጠው አስተያየት፣ ለድርሰቱ ዕጣ ከታተመ ሂስ የበለጠ ወሳኝ ሆኖ ሳለ፣ እምብዛም ትኩረት አያገኝም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ መመርመር ነው።

በደርግ ዘመን አንድ ረቂቅ ለኅትመት ከመብቃቱ በፊት በሳንሱር በኩል ማለፍ ነበረበት። እንደ ኩራዝ ባለ አሳታሚ ድርጅት በኩል ሲወጣ ደግሞ ገምጋሚና አርታዒ ያየዋል። የ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ ለደራሲውም ታላቅ እፎይታ ሆነ። ይሁን እንጂ በራሱ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ጀማሪ ገምጋሚም አርታዒም የለውም። ከኅትመት በፊት ያለው የመጨረሻ አንባቢ ጓደኛው ነው። ታዲያ ጓደኛው ይህን ኃላፊነት እንዴት ይወጣዋል?

እዚህ ላይ ማበረታቻንና ሂስን መለየት ያሻል። ማበረታቻ ሰውየውን ይመለከታል፤ ሂስ ድርሰቱን። «ግሩም ነው፣ ግፋበት» የሚል ቃል ለደራሲው ብርታት ይሰጠው ይሆናል፤ ስለ ረቂቁ ግን አንዳች አይናገርም፤ ያላነበበውም ሊለው ይችላልና። በአንጻሩ «ታሪኩን የሚተርከው ‹እኔ› ባዩ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሳለ፣ እሱ በሌለበት ክፍል የተባለውን ቃል በቃል እንዴት አወቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ጓደኛ የትረካ አንጻሩን ጉድለት ያመለክታል። ደራሲውም ትዕይንቱን ሊሰርዘው፣ ተራኪውን በሥፍራው ሊያስገኘው፣ ወይም ወሬውን በሌላ ገጸ ባሕርይ አፍ ሊያደርሰው ይችላል። ምክር ምክር የሚሆነው እንዲህ ሥራ ሲያሠራ ነው። ባዶው ውዳሴ በጀርባ ሽፋን ላይ ታትሞ እንደ ሂስ ሲነበብማ ከደራሲው አልፎ አንባቢውንም ያታልላል።

ሂስ ቡቃያውን ይቀጫል የሚል ሥጋት አለ። መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የነቃፊውን ዕውቀት ከማሳየት ያለፈ ፋይዳ የሌለው ነቀፋ ጀማሪን ብዕሩን ሊያስጥለው ይችላል። ነገር ግን የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ሳይታተም ለረጅም ዓመታት ሕያው ሆኖ የቆየው፣ አንባብያን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ስላነበቡት ነው። ላልታተመ ደራሲ ትልቁ ማበረታቻ መነበብ ነው፤ በጥንቃቄ የተነሣ ጥያቄ ደግሞ የመነበቡ ማስረጃ ነው። ዳኛቸው ወርቁም «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ማዘጋጀቱ፣ ድርሰት በተሰጥኦ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን ሊማሩትና ሊመካከሩበት የሚቻል ጥበብ መሆኑን ያመለክታል።

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሴራ፣ ስለ መቼትና ስለ አንጻር የቀሰመውን ዕውቀት ለታተመ መጽሐፍ ብቻ ሊያስቀምጠው አይገባም። የጓደኛውን ረቂቅ ሲመልስ ጥያቄዎቹን በኅዳጉ ላይ አስፍሮ ይመልስ። ጓደኛ በይሉኝታ ያለፈውን ግድፈት አንባቢ አያልፈውም፤ የኅትመቱን ዕዳ የሚከፍለውም ደራሲው ብቻውን ነው።